ዛፉ ላይ የቀረችው ካኪ

በኅዳር ወር አንድ ማለዳ ደራሲው ሺኖዙካ ሚስቱን ቶዮን ከወጥ ቤት ጠርቶ ፊት ለፊቱ አስቀመጣት። እሱም ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን አጥፎ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ እጆቹን ጭኖቹ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። ቶዮ እጇ ላይ የቀረውን የሩዝ እጣቢ በሽርጧ እያደረቀች ማን ሞቶ ይሆን ብላ የዘመድ ስም በሐሳቧ ትቆጥር ጀመር።

«ቶዮ» አለ ሺኖዙካ፤ «ዛፉ ላይ አንዲት ካኪ ቀርታለች።»

ቶዮ ጠበቀች። የሚከተል ነገር አልነበረም።

«አዎ» አለች። «እኔ ነኝ የተውኳት።»

እውነቷን ነው። ቲማቲም የሚያካክሉትን ብርቱካናማ የካኪ ፍሬዎች በቀርከሃ ዘንግ አንድ በአንድ አውርዳ፣ ልጣ፣ በሲባጎ ሰክታ፣ እንዲደርቁና ምሬታቸው እንዲለቃቸው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር የሰቀለቻቸው እሷ ናት። ጫፍ ላይ ያለችውን አንዷን ደግሞ እንደ ጎረቤቱ ሁሉ ለዛፉ ትታለታለች። በካማኩራ ከተማ ካኪውን ሙልጭ አድርጎ ለቅሞ የሚገባ ሰው የለም፤ ባዶውን ያስቀሩት ዛፍ ለከርሞ ይቀየማል።

«ማን ተዋት የሚለው የሰፈር ጥያቄ ነው» አለ ሺኖዙካ። «እኔ የምልሽ ቀርታለች ነው። የምጽፈው እሷን ነው። ለመጽሔቱ የአዲስ ዓመት እትም።»

ቶዮ ደስ አላት። ባሏ አንድ ሙሉ ነገር ጽፎ ከጨረሰ ብዙ ጊዜው ነው። ለምን ሲሉት የሚታይ ነገር ከአገሩ እየጠፋ ነው ይላል። ሺኖዙካ ፈጥሮ አይጽፍም። ደራሲ ዓይን እንጂ እጅ የለውም፤ ያየውን እንዳለ፣ ሳይነካ፣ ሳያቃና ማስቀመጥ ነው ያለበት፤ ይህንን በመጽሔት ላይ ደጋግሞ አውጇል፤ ብዙ ወጣቶችም ተከትለውት መጻፍ አቁመዋል። የሚያየው ደግሞ በአብዛኛው ቤቱ ውስጥ ያለውን ነው። የራሱን የጥርስ ሕመም ጻፈ፤ ተወደሰ። የአባቱን የመጨረሻ ሳል ጻፈ፤ ወንድሙ እስከ ዛሬ አያናግረውም። በብርድ ጊዜ የሚያብጡትን የቶዮን ጣቶች ጻፈ፤ «የቀሉ፣ የዋህ፣ ቅርጽ የሌላቸው» ብሎ። ያ ድርሰት ከወጣ ወዲህ ዓሣ ሻጩ ዕቃዋን ሲያቀብላት አስቀድሞ የሚያየው ጣቶቿን ነው።

«ታዲያ ሳልጨርስ ከወደቀች» አለ ሺኖዙካ፣ «ያለኝን ለመጻፍ እገደዳለሁ።»

«ምን አለዎት?»

«የኩሜን ጸደይ።»

ኩሜ የቶዮ ታናሽ እህት ናት። በልጅነቷ፣ አንድ ጸደይ፣ ከተዘዋዋሪ የቲያትር ቡድን ከበሮ መቺ ጋር ጠፍታ ነበር። ካለችበት ፈልጎ ያመጣት ራሱ ሺኖዙካ ነው፤ ስለዚህ በዓይኑ አይቶታል፤ ስለዚህ ይጻፋል። ኩሜ ዛሬ ኦዳዋራ ውስጥ አኩሪ አተር ጠምቀው ማጣፈጫ በሚሠሩ ሰዎች ቤት ምራት ናት። እዚያ ቤት ስለዚያ ጸደይ የሚያውቅ የለም። አማቷ ጥብቅ ሴት ናት፤ ዓይኗ ስለደከመ መጽሔት ጮክ ተብሎ እንዲነበብላት ትወዳለች። የምታነብላት ኩሜ ናት።

«ላይጽፉት ቃል ገብተውልኝ ነበር» አለች ቶዮ።

«ገብቻለሁ። የገባሁት ግን እንደ ሰው ነው፤ እንደ ደራሲ አይደለም።» ቆየት ብሎም ባዘነ ድምፅ፣ «ሥነ ጥበብ የሚስት እህት የለውም» አለ። አነጋገሩን ሳይወደው አልቀረም፤ ተነሥቶ ጻፈው።

ቶዮ ወደ ወጥ ቤቷ ተመልሳ በመስኮቱ ዛፉን አየች። ካኪዋ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላለች። ብዙም የምታስተማምን አትመስልም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤቱ ሥርዓት ተለወጠ። የልብስ ማስጫው ገመድ ወደ ጓሮ ዞረ፤ የታጠበ የውስጥ ሱሪ በካኪዋና በደራሲው መካከል መግባት የለበትም። ከሰል የሚቀጣጠለው ከቤቱ ኋላ ሆነ፤ ጭሱ ቀለሟን ያደበዝዛል። ሺኖዙካ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ የመጻፊያ ብሩሹን ይዞ በረንዳው ላይ ይቀመጣል። ጠዋት ካኪዋን ያያል። ቀትር ላይ ካኪዋን ያያል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ራሱን ካኪዋን ሲያይ ያያል፤ ይኸኛው ይበልጥ ያደክመዋል።

«ዛሬስ እንዴት ናት?» ትለዋለች ቶዮ ሻይ ስታቀርብ፣ የታመመ እንደሚጠየቅ።

«ትናንት ሙሉ ነበረች። ዛሬ ሙሉ መሆኗን አውቃዋለች።»

«ተሽሏታል ማለት ነው?»

«ብሶባታል።»

ወረቀቱ ላይ ግን ምንም የለም። አንድ ቀን አንዲት ጩኸታም ግራጫ ወፍ ቅርንጫፉ ላይ አረፈች፤ ቶዮም ሳታስበው ጠጠር አንሥታ ወረወረች። ወፏ በረረች። ሺኖዙካ ከበረንዳው እመር ብሎ ተነሣ።

«ምን አደረግሽ?»

«ልትበላት ነው እኮ።»

«ትብላታ! ወፍ ያልደፈራት ካኪ ምን ካኪ ናት? አየሽ፣ አሁን አንቺ ሥዕሉ ውስጥ ገባሽ።»

«ወጣሁ» አለች ቶዮ፤ ገለል አለች።

ከዚያ በኋላ ወፍ የምታባርረው ከአጥሩ ውጭ ሆነ፤ መንገዱን የምትጠርግ መስላ መጥረጊያዋን ከፍ አድርጋ እያራገፈች። መንገዱ ከመቼውም ይበልጥ ጸዳ። ይህንን አጥር የምትጋራቸው፣ ቶፉ የሚሉትን የአኩሪ አተር አይብ የሚሠራው ጎረቤት ሚስት ታኪ አስተዋለች።

«እኔ የምልሽ ቶዮ፣ ያቺን ካኪ ትበሏታላችሁ ወይስ ትድሯታላችሁ?»

«ሊጽፏት ነው፣ እትዬ ታኪ።»

«ምኗን?»

«መቅረቷን።»

ታኪ አሰብ አደረገች። «የኔው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ቶፉ ሲያይ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ፈዞ አያውቅም። ስንት ነገር አምልጦናል በይ!» ሳቀች። «ምነው ታዲያ ብትወድቅስ? ሌላ ነገር ፈልጎ አይጽፍም? እኔ ቤት ሦስት ድመት አለ፤ አንዷ አንካሳ ናት።»

«ሌላ አላቸው» አለች ቶዮ፤ አንገቷን ወደ መጥረጊያዋ ደፋች።

ታኪ መሳቋን አቆመች። ኩሜ በጠፋችበት ጸደይ ቶዮ ስታለቅስ የከረመችው ከዚሁ አጥር ሥር ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ቶፉ የሚቆረጥበትን ገበታ ስታንኳኳ የከረመችው ደግሞ ታኪ ናት።

«አይ!» አለች ታኪ። «ታዲያ ያቺ ፍሬ መውደቅ የለባትማ።»

ኅዳር ሊወጣ ሲል ከባሕር በኩል ነፋስ ተነሣ። የጣሪያ ጡብ ነቃቀለ፤ የጎረቤት በርሜል አንከባለለ። በማግስቱ ሲበርድ ካኪዋ አለች፤ ግን የሰካራም ባርኔጣ መስላ ወደ አንድ ጎን ዘማለች። ሺኖዙካ ከበረንዳው አያትና «ጸናች» አለ። እስከዚያ ቀን የጻፈው አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ እሱም ስለ ራሱ እጅ፣ ገና ምንም ስላልጻፈው እጁ ነበር። የመጽሔቱ አዘጋጅ ደግሞ እሑድ እመጣለሁ ብሏል።

ሺኖዙካ ከሰዓት በኋላ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ሕዝብ መታጠቢያው ይሄዳል። የሚቆየውም ብዙ ነው፤ ሙቁ ውኃ ውስጥ ከጸጉር አስተካካዩ ጋር ስለ ውበት ይከራከራል። የእንጨት ጫማው ድምፅ ከመንገዱ መታጠፊያ እንደራቀ ቶዮ ወደ አጥሩ ሮጠች።

«እትዬ ታኪ፣ መሰላል!»

ታኪ መሰላሉን ይዛ መጣች፤ ግንዱ ላይ አቆሙት። ቶዮ ኪሞኖዋን ሰብስባ ወገቧ ላይ አሰረች፤ የባሏን ካፖርት የምትጠግንበትን ጥቁር የሐር ክር በጥርሷ ይዛ ወጣች።

«ተጠንቀቂ» አለች ታኪ ከታች። «ወድቀሽ ደግሞ አንቺን እንዳይጽፍሽ።»

«ጽፈውኛል እኮ» አለች ቶዮ፣ ክሩን እንደነከሰች።

«እሺ፣ ምን ይታያል?»

«አንገቷ ተሰንጥቋል። በልጣጭ ነው የቀረችው።»

«ስፊያት!»

ቶዮ ፍሬዋን እንደ ጨቅላ ራስ በመዳፏ ደገፈቻት። በሌላው እጇ ክሩን በአንገቷ አዙራ ከቅርንጫፉ ጋር አጥብቃ አሰረች፤ ቋጠሮውን ወደ ኋላ ደበቀችው። ቅርጽ የሌላቸው ተብለው የተጻፉት ጣቶች የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ቋጠሮ ቋጠሩ።

«ከዚያ ሆነሽ ይታያል?»

«ከዚህ የሚታየው ያንቺ መቀመጫ ብቻ ነው። ውረጅ!»

ስትወርድ የእንጨት ጫማ ኮቴ ከመታጠፊያው ተሰማ። መሰላሉን አጥር ማሻገር አልተቻለም፤ ተሯሩጠው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ከተሰቀሉት ካኪዎች ኋላ አጋደሙት። ታኪ በጓሮ ሾልካ ሄደች።

ሺኖዙካ በሙቅ ውኃ ቀልቶ ገባና በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ካኪዋን አያት። ከወትሮው ይበልጥ ረዥም ጊዜ አያት።

«ዛሬ ተለውጣለች» አለ።

ቶዮ ክው አለች። «ምኗ?»

«ብቸኝነቷ በዝቷል።»

«እሰይ» አለች ቶዮ፤ ራት ልትሠራ ገባች።

በማግስቱ ከገበያ ስትመለስ ጉድ አገኘች፤ ሺኖዙካ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል። ቀና አላለም። ሻይ አቀረበችለት፤ ቀዘቀዘ። ሌላ አቀረበች፤ እሱም ቀዘቀዘ። ደስ ብሏት ወደ እጥበቷ ሄደች። ከልብሱ መሐል ነጭ ካልሲው ወጣ፤ ውስጥ እግሩ ላይ አረንጓዴ እድፍና የቅርፊት ፍርፋሪ አለበት።

«ይኼ ካልሲ ምን ነክቶት ነው?»

«ግቢ ውስጥ እየተንሸራሸርኩ ሳስብ ነበር» አለ፣ ብሩሹን ሳያነሣ።

«ያለ ጫማ?»

«ሐሳብ ጫማ እስክታጠልቂ አይጠብቅም።»

ቶዮ አላከረረችም። የሚጽፍ ባል ስላለ ነገር አይጠየቅም። ካልሲውን በአመድ ውኃ ፈትጋ አነጣችው። ቅዳሜ ሲመሽ ብሩሹን አጠበ፤ ከዚያ የሚወደውን ሥራ ያዘ። ሺኖዙካ የድርሰቱን ገጾች የሚሰፋበትን ክር ከሱቅ አይገዛም፤ ነጩን ስስ ወረቀት ይሸረክትና አውራ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ራሱ ይገምደዋል፤ ጫፎቹን ቀይ ቀለም ውስጥ ያጠልቃቸዋል። በቶኪዮ ያሉ አዘጋጆች ሁሉ ድርሰቱን ሳይገልጡ በዚህ ክር ያውቁታል። ስለ ክሩም አንድ ድርሰት ጽፎ ነበር።

እሑድ እንግዶቹ መጡ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ኩዋባራ ወፍራም፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ባቡሩ እንዳያመልጠው ቁርሱን ሳይበላ ነው የወጣው። አብሮት የመጣው ሐያሲው ኢሶቤ ነው። ኢሶቤ አርቆ ማየት አይችልም፤ መነጽር ግን አያደርግም፤ በዓይንና በነገሩ መካከል መስታወት መግባቱን ይቃወማል። ድርሰቱን የሚያወድስበትን ጽሑፍ የመጀመሪያ አንቀጽ ባቡር ላይ ጽፎ ጨርሶታል።

ቶዮ ከክፈፉ ሥር ካሉት ቀድመው የደረቁትን ካኪዎች አውርዳ በሰሃን አቀረበች።

«እህቶቿ ናቸው?» አለ ኩዋባራ።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«የታደሉ ናቸው» ብሎ አንዷን አነሣ። ከዚያ በኋላ ንባቡ እስኪያልቅ እጁ ከሰሃኑ አልራቀም።

ሺኖዙካ ቀስ ብሎ አነበበ። ቶዮ ከወረቀቱ ተንሸራታች በር ኋላ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ተቀምጣ ትሰማለች።

«ማንም አልያዛትም» እያለ ያነባል ባሏ። «ማንም አልነካትም። መውደቅ ትችላለች፤ አትወድቅም። ነፋሱ ሌሊቱን ሙሉ ጠየቃት፤ ሲነጋ መልሷ እዚያው ጫፍ ላይ ነበር። እኔም እጅ የሌለኝ ሰው ሆኜ ከታች አየኋት።»

ኢሶቤ በረዥሙ ተነፈሰ። ኩዋባራ ዓይኖቹን ጨፍኗል፤ ከተመስጦ ይሁን ከጥጋብ አይታወቅም።

«ከሥሯ» ይላል ሺኖዙካ፣ «አንዲት ሴት በየቀኑ ታልፋለች። እጣቢ ትደፋለች፤ መንገድ ትጠርጋለች። ቀና ብላ ግን አንድም ቀን አላየቻትም። እኔም በካኪዋና በሴትዮዋ መካከል ተቀምጬ፣ ውበት ማለት በማያየው ሰው ራስ ላይ የሚንጠለጠል ነገር መሆኑን ተረዳሁ።»

ቶዮ ቅር ይላት እንደሆነ ራሷን ጠየቀች። ስለ ጣቶቿ ከጻፈው ይሄኛው ይሻላል። ኩሜም አልተነሣችም። ማንቆርቆሪያዋን ወደ ከሰሉ መለሰችው።

ንባቡ ሲያልቅ ኢሶቤ ዓይኑን ጠረገ። «እጅ የለበትም!» አለ። «ሺኖዙካ፣ ይኼ ድርሰት ላይ የሰው እጅ የለበትም! ሌላው ሁሉ ቁልቋሉንም ጽጌረዳውንም ሲያሻሽ ነው የሚውለው። አንተ ብቻ ነህ እጅህን የሰበሰብከው።»

«እጄን መሰብሰቡ ነው የከበደኝ» አለ ሺኖዙካ፤ ትሕትና ሲሆን ድምፁ ይወፍራል።

ኩዋባራ ዓይኑን ገለጠ። «ጥልቅ ነው፣ መምህር» አለ። «የአዲስ ዓመቱ እትም መጀመሪያ ላይ ይገባል።» የተሰፋውን ድርሰት ተቀብሎ ጭኑ ላይ አኖረና ከጉያው መጠቅለያ ጨርቁን አውጥቶ ዘረጋ።

ቶዮ በሩን ከፍታ ሻይ ይዛ ስትገባ በሐሳቧ ኩሜን ታያት ነበር፤ ኦዳዋራ ላይ አማቷ ፊት ተቀምጣ ስለ አንዲት ፍሬ ጮክ ብላ ስታነብ። አማትየዋም «ይኸው ነው? ካኪ ብቻ?» ስትል፣ ኩሜም «ካኪ ብቻ ነው፣ እናቴ» ስትላት።

«በሉ እንግዲህ እሷኑ እንያት!» አለ ኢሶቤ።

«አሁን ብርሃኑ ደግ አይደለም» አለ ሺኖዙካ።

«ትሕትናውን ተወዋ!»

«ማለቴ፣ ድርሰቱ ውስጥ ያለችው ትበቃለች። ዛፍ ላይ ያለችው... ዛፍ ላይ ናት።»

«ግሩም አባባል ነው!» ብሎ ኢሶቤ ተነሥቶ የበረንዳውን በር በርግዶ ከፈተው።

ሦስቱ ወንዶች በረንዳው ጠርዝ ላይ በተርታ ተቀመጡ፤ ቶዮም ከኋላቸው የሻይ ትሪዋን ይዛ። ኩዋባራ ድርሰቱንም ጨርቁንም እንደያዘ ነው የወጣው። ቀኑ ብራ ነበር፤ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ የለም።

«የትኛዋ ናት?» አለ ኩዋባራ።

«አንዲት ብቻ እኮ ናት» አለ ሺኖዙካ።

«አየኋት፣ አየኋት» አለ ኢሶቤ፣ ዓይኖቹን አጨንቁሮ ወደ ታኪ ቤት ጭስ ማውጫ እየተመለከተ። «ዝምታዋ እዚህ ድረስ ይሰማል።»

ያቺ ግራጫ ወፍ መጣች። ቅርንጫፉ ላይ አርፋ ግራ ቀኙን ካየች በኋላ ካኪዋን አንዴ ወጋቻት።

«ምነው፣ ብናባርራት?» አለ ኩዋባራ።

«እንዳትነኩ!» አለ ኢሶቤ። «እጅ አይገባም!»

ቶዮ ትሪዋን ጨበጠች። መጥረጊያዋ ወጥ ቤት ነው። ወፏ ፍሬዋን ትታ ወደ አንገቷ ዞረች፤ እዚያ የምትጎትተው ነገር አግኝታለች፤ ትጎትታለች፣ ትለቃለች፣ ትጎትታለች። ጥቁሩ ክር ከበረንዳው ባይታይም ቶዮ ሲበጠስ አወቀችው። ከዚያ ደረቅ ቅርፊት ቀጭ ሲል ሁሉም ሰሙ።

ካኪዋ ወደቀች። ክንድ የምታህል ወደቀችና ቆመች።

አየር ላይ ቆማ ትወዛወዝ ጀመር፤ አንዴ ወደ ቤቱ፣ አንዴ ወደ አጥሩ። ከቅርንጫፉ እስከ እሷ ድረስ ነጭ የወረቀት ክር ተወጥሯል። ላላ ተደርጎ፣ ከፍታ በሚፈራ ሰው እጅ የታሰረ ነበር፤ ትርፉም ወደ ጎን ተንዘርፍፏል፤ ጫፎቹ ቀይ ናቸው።

ኩዋባራ ክሩን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጭኑ ላይ ያለውን ድርሰት፣ ጠርዙ ላይ የተቋጠረውን ነጭ ክር፣ ቀያዮቹን ጫፎች አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ደግሞ ዛፉን አየ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሦስተኛ አላየም።

ሺኖዙካ ጉልበቶቹን ይመለከታል።

ቶዮ ካልሲው ትዝ አላት። መሰላሉ እስከ ማግስቱ ድረስ ክፈፉ ሥር ተጋድሞ ነበር። በርጩማ ላይ ቆሞ ፋኖስ መስቀል የሚያዞረው ሰው እዚያ ላይ ወጥቷል። እዚያ ወጥቶ፣ አንገቷ ላይ ሊያስር እጁን ሲሰድ፣ ጥቁሩን ክርና ትንሿን ቋጠሮ አፍንጫው ሥር አይቷል። አይቶ ወርዷል። ወርዶም «ቀና ብላ አንድም ቀን አላየቻትም» ብሎ ጽፏል። የወጣው ለድርሰቱ ይሁን ለኩሜ ደግሞ ከዚህ ቁጭ ብሎ አይታወቅም። ልታስብበት ግን ጊዜ አላገኘችም፤ የባሏ እጅ ወደ ኩዋባራ ጭን ሲዘረጋ አየች።

«ኩዋባራ» አለ ሺኖዙካ፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ «እሱን እስቲ ለጊዜው... አንዳንድ የማቃናው ነገር...»

ቶዮ ድርሰቱ ከተመለሰ ምን እንደሚቀረው ታውቃለች። የቀረው አንድ ጸደይ ብቻ ነው። ከትሪዋ ላይ የሻይ ስኒ አነሣች፤ እስከ አፉ የሞላ፣ እንፋሎቱ የሚጨስ ነው። ጎንበስ ብላ በተዘረጋው እጁ መዳፍ ላይ አኖረችለት።

«ሳይቀዘቅዝ» አለችው።

ሺኖዙካ እንዳይፈስበት ሌላውን እጁን ማምጣት ግድ ሆነበት። በሁለት እጁ ስኒውን እንደያዘ ቀረ። ኩዋባራ በዚህ መካከል ጨርቁን በድርሰቱ ላይ አጥፎ ቋጠረ። ቋጠሮውን አየት አድርጎ ሌላ ቋጠሮ ደገመበት።

«ወደቀች እንዴ?» አለ ኢሶቤ፣ ከጭስ ማውጫው ዓይኑን ሳይነቅል። «ድምፅ አልሰማሁም።»

«አልወደቀችም» አለች ቶዮ፣ ቀና ብላ እያየች።

ወፏ ተመልሳ መጣች። የታኪ ራስም በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ታኪ እንግዶቹን አላየችም፤ የምትወዛወዘውን ካኪ ብዙ ጊዜ አየቻት፤ ወዲህ ስትሄድ ወዲህ፣ ወዲያ ስትሄድ ወዲያ እያለች።

«ቶዮ» አለች ቀስ ብላ፣ «የኛ ክር ጥቁር አልነበረም እንዴ?»